የደርቢ ሳምንት

የሚጀምረው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ይችላል፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ አርሰናል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን የኤፍኤም የስፖርት ፕሮግራሞች ከቡናም ከጊዮርጊስም ካምፕ ወሬ ማምጣት ይጀምራሉ። ማን ልምምድ አቋርጦ እንደወጣ፣ የማን ቁርጭምጭሚት እንዳበጠ፣ በካርድ ቅጣት ማን እንደማይሰለፍ። ከዚያ ወዲያ የቡና ደጋፊ ሥራ ቦታው ላይ ቢገኝም ልቡ እዚያ የለም። ሒሳብ ሠራተኛው ደረሰኝ ሲያገላብጥ ይታያል፤ በውስጡ የሚያወጣው የሚያወርደው ግን የቀኝ ተመላላሻችን የጊዮርጊስን ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ብቻውን ይችለዋል ወይስ አማካዩ ወርዶ ያግዘው የሚለውን ነው።

እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ቡናማና ቢጫውን ማልያ የለበስኩት በልጅነቴ ነው፤ እስከ ዛሬም አላወለቅኩትም። ይህን ከመነሻው የምናገረው አንባቢ ከየትኛው ወገን ሆኜ እንደምጽፍ እንዲያውቅ ብዬ ነው። የሸገር ደርቢ፣ የሁለቱ የአዲስ አበባ ክለቦች የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ፣ ሲነሳ ልቡ ወደ አንዱ የማያደላ የአዲስ አበባ ልጅ ብዙ አላጋጠመኝም።

በተራ ጨዋታ ደጋፊ የሚፈራው ነጥብ መጣልን ነው። በደርቢ ሳምንት የሚፈራው ግን ሰኞን ነው። ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ በር ላይ ቆሟል፤ ጊዮርጊስ ነው። ምንም ላይናገር ይችላል። «እንዴት አደርክ?» ብሎ ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ ካየህ አለቀ። ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ጊዮርጊስ ናት። ከታክሲው ረዳት ጋር መልስ ስትቀባበል ስልክህ ላይ የቡናን አርማ ካየ «ወንድሜ አይዞህ» ይልሃል፤ ያቺ «አይዞህ» ከስድብ ትብሳለች። ሌላ ሽንፈት በሚቀጥለው ሳምንት ይረሳል። የደርቢ ሽንፈት እስከ ሁለተኛው ዙር ድረስ ወራት ሙሉ አብሮህ ይኖራል፤ ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይነሳብሃል።

እኛ ቤት ደግሞ ጉዳዩ ማዕድ ላይ ነው ያለው። አባታችን ጊዮርጊስ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን መንገድ ተከተለ። እኔን ወደ ቡና የወሰደኝ አጎቴ ነው። ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም አስገባኝ፤ ዘፈኑን ሰማሁ፤ በቃ። ዛሬ ሁለታችንም የየራሳችን ቤት አለን፤ እሑድ እሑድ ግን እናታችን ዘንድ ምሳ እንበላለን። ባለፈው እሑድ ገና እጃችንን ሳንታጠብ ጀመረኝ።

«ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይስ ስልክህን ዘግተህ ትጠፋለህ?»

«መምጣቱን እመጣለሁ። አንተ ግን ጎል ሲገባባችሁ ራሴን አመመኝ ብለህ መኝታ ቤት እንዳትገባ።»

«ይግባብንና እናያለን።»

እማዬ ሽሮውን እየጨለፈች «ኳሱን ውጭ ተጫወቱት፤ እዚህ ምሳ ነው» አለች። ዝም አልን። እሷ የየትኛውም ደጋፊ አይደለችም፤ ሁለታችንም በየፊናችን የእኔ ናት እንላለን።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። የሸገር ደርቢ ዋና ጠባዩ እዚህ ላይ ነው። ጊዮርጊስና ቡናን የሚለያቸው ሃይማኖት አይደለም፣ ብሔር አይደለም፣ እንደ ሌሎች የዓለም ከተሞች የሀብታምና የድሃ ሰፈርም አይደለም። ጊዮርጊስ ስሙ የታቦት ስም ነው፤ ደጋፊው ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ተጋርተው የሚነግዱ ሁለት ሰዎች አንዱ ፈረሰኛ (የጊዮርጊስ ደጋፊ)፣ አንዱ ቡናማ ሆነው ታገኛቸዋለህ። መስመሩ የሚያልፈው በመኝታ ቤትና በሳሎን መካከል ነው። ለዚህም ነው ጭንቀቱ እንዲህ የሚጠነክረው፤ ያሸነፈህን ሰው ከጨዋታው በኋላ ልትሸሸው አትችልም።

ታላቅና ታናሽ ናቸው ክለቦቹም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ተመሠረተ። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ናቸው የጠነሰሱት፤ ጣሊያን አዲስ አበባን ሊይዝ ወራት ሲቀሩት። በወረራው ዘመን በሌላ ስም እንዲጫወት ተገደደ፤ ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። የአፍሪካን እግር ኳስ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆኑትና ኮንፌዴሬሽኑን እስከ ሕልፈታቸው የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። መንግሥቱ ወርቁም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ወንድሜ ይህን ታሪክ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ እውነት ለመናገር እኔም ሳልወድ በግድ አዳምጠዋለሁ። አንድ የእግር ኳስ ክለብ የአንድን ሕዝብ አንገት ቀና ያደረገበት ዘመን ነበር፤ ያንን ማንም ቡናማ ሊክደው አይገባም።

ቡና የመጣው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ አርባ ዓመት ዘግይቶ። የቡና ንግድ ሠራተኞች ቡድን ነበር። ዛሬም ሸምገል ያሉ ደጋፊዎች «ቡና ገበያ» ነው የሚሉት፤ «ኢትዮጵያ ቡና» የሚለው አፋቸው ላይ አልገባም። እንደ ጊዮርጊስ የዋንጫ መደርደሪያ የለንም። በ1989 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆንን፤ በማግሥቱ ዓመት የግብፁን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አስወጣን። በዚያን ጊዜ ያልተወለደ የቡና ደጋፊ እንኳ ያን ጨዋታ ያየ ያህል ይተርከዋል። ከዚያ እስከ 2003 ዓ.ም. ጠበቅን፤ በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳን። ከዚያ ወዲህ በሊጉ የለም። ጊዮርጊስ ግን ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ከደርዘን በላይ ዋንጫ ወስዷል፤ ከ2006 እስከ 2009 አራት በተከታታይ፣ ከዚያም 2014ንና 2015ን ደገመ። በ2009 ደግሞ ከኢትዮጵያ ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን ተስፋ እናደርጋለን? በሌሎች ጨዋታዎች ውስጥ ያልተገኘ ነገር በዚህ ጨዋታ ይገኛልና። ዋንጫ የሌለው ዓመት ደርቢ ከተሸነፈበት ዓመት ይሻላል። ጊዮርጊስን በረታንበት ዓመት ስምንተኛ ሆነን ብንጨርስ የክረምቱ ወሬ የእኛ ነው። ይህን የጊዮርጊስ ደጋፊም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው መሪ ሆኖ ሲመጣም በደርቢ ቀን እጁ የሚንቀጠቀጠው። ሻምፒዮን ሆኖ እንኳ በቡና ከተሸነፈ ዋንጫው ላይ አንድ ጠባሳ አለ።

ሌላው የቡና ደጋፊ ኩራት አጨዋወት ነው። ኳስ መሬት ላይ ተይዛ፣ በአጭር ቅብብል ከኋላ ተመሥርታ መሄድ አለባት ብሎ የሚያምን ሕዝብ ነው። በተጫዋችነት ዘመኑ የዚህ አጨዋወት መልክ የነበረው ካሳዬ አራጌ ከአሜሪካ ተመልሶ ቡድኑን ሲያሠለጥን ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ወሰደው። በረኛው ጠልዞ ከመምታት ይልቅ አጠገቡ ላለው ተከላካይ ይሰጣል፤ ተጋጣሚ ሲመጣበትም ይሰጣል። ይህን ከመቀመጫ ላይ ማየት የሚያስደስተውን ያህል ያስጨንቃል። በተራ ጨዋታ ላይ ተከላካያችን ኳስ ሲያቆም «ጎበዝ» ትላለህ። ደርቢ ላይ ግን የጊዮርጊስ አጥቂ እየሮጠ ሲመጣበት ኳሷን ይዞ ያስባል፤ አንተም መቀመጫህ ላይ አብረህ ታስባለህ፤ ጥፍርህን አብረህ ትበላለህ። ያም ሆኖ ደጋፊ «ዝም ብለህ ምታት» ሲል ብዙ አልሰማሁም። እንደዚያ አሸንፎ ከመውጣት እንደዚህ ተጫውቶ መሸነፍ ይሻላል የሚሉ ሰዎች መካከል ነው ያደግሁት። እኔ እንኳ በዚህ አልስማማም፤ በመጪው እሑድ ደርቢ በመጥፎ ጨዋታም ቢሆን እናሸንፍ።

ጎል የሚያገባልን ማን ነው የሚለው ትልቁ ጭንቀታችን ነው። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር እያንዳንዱ የቡና ደጋፊ በሰላም ይተኛ ነበር። ቢመሩንም «አቡኪ አለ» እንል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ፈረመ፤ ደስ ብሎን ሸኘነው። ልጁ በልጦ መሄድ ነበረበት። እሱ የተወው ቦታ ግን ባዶ እንደሆነ ሲሰማን ይኖራል፤ ማንም አጥቂ ቢመጣ ከእሱ ጋር እናነጻጽረዋለን፤ ይህ ደግሞ ለመጣው ልጅ ፍትሐዊ አይደለም። ከዚህ ይበልጥ የሚያመው ግን የራስህን ልጅ በዚያኛው ማልያ ማየት ነው። ጋቶች ፓኖም በቡና ቤት አድጎ፣ ወደ ሩሲያ ተጉዞ፣ ተመልሶ ኋላ ላይ የጊዮርጊስን ማልያ ለበሰ። ሥራው ነው፤ ተጫዋች እንጀራ መብላት አለበት። ቢሆንም ያን ረዥም ልጅ በመሐል ሜዳ ላይ የእኛን ኳስ ሲነጥቅ ማየት እንዴት እንደሆነ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ሽማግሌ ያውቁታል፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና እስከ እረፍት ቃል አልተነፈሱም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በፊት የማናውቀው ጭንቀት መጥቷል። የሸገር ደርቢ ከሸገር ወጥቷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሊጉ ተሰረዘ። በማግሥቱ ዓመት ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ ሁሉም ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት መጫወት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ መዛወር ጀመሩ። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። የአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካን መመዘኛ አላሟላም ተብሎ ለእድሳት ተዘጋ። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳበት ሜዳ ነው።

ያ ሜዳ ለደርቢ ሳምንት ምን ነበር? የስታዲየሙ ዙሪያ ከጠዋቱ ጀምሮ ይዘጋል። ቲኬት ሰልፉ ይጠማዘዛል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ወደ ቦታው፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። የት እንደምትቀመጥ ማን እንደሆንክ ይናገራል። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ሰው በጠዋት ይገባል፤ ፀሐዩን በጋዜጣ ኮፍያ ይከላከላል፤ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዘፈኑ ከአንዱ ጥግ ይነሳና ከሌላው ጥግ መልስ ያገኛል። ሁለት ቡድን ሳይገባ ሁለት ሕዝብ ይጋጠም ነበር። ጭንቀቱን ያቀለለው ይህ መዝፈን ነበር ብዬ አምናለሁ። ድምፁ እስኪዘጋ የዘፈነ ሰው ለመፍራት ጊዜ የለውም። አሁን ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ደጋፊ ጭንቀቱን የሚያወጣበት መንገድ የለውም፤ የሻይ ብርጭቆውን ብቻ ያዞራል።

ደርቢው አዳማ ላይ ሲደረግ በአውቶቡስ ሄደናል። መነሻችን የተዘጋው ስታዲየም ፊት ለፊት ነበር። በኋላ መቀመጫ ላይ ከበሮ የያዙ ልጆች፣ መሐል ላይ ቤተሰብ፣ ፊት ላይ ሽማግሌዎች። ከቱሉ ዲምቱ አልፈን ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ የጊዮርጊስ ደጋፊዎችን የጫነ አውቶቡስ በጎናችን መጣ። መስኮቶች ተከፈቱ፤ ከሁለቱም በኩል ዘፈን። አንዲት ሴትዮ የቡና ማልያ የለበሰ ሕፃን ልጇን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየቻቸው፤ ከዚያኛው አውቶቡስ አንድ ጎረምሳ ጣቱን ወደ ልጁ ቀስሮ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ ሲያልፉን እጁን አውለበለበለት። ገንዘብ ያለው ነው እንዲህ የሚከተለው። ትራንስፖርት አለ፣ ምግብ አለ፣ መግቢያ አለ፤ ሲመሽ መመለሻም አለ። ድሬዳዋ ሲሆን ደግሞ ለብዙ ሰው የማይሞከር ነው። ከካታንጋ ደጋፊዎች አብዛኛው የቀን ሠራተኛ፣ ሊስትሮ፣ ረዳት፣ ተማሪ ነበር። ያን ሰው ከጨዋታው አርቀን ደርቢው ደርቢ ሆኖ ይቀጥላል ብለን መጠበቅ አንችልም። ቴሌቪዥኑ በክለቦቹ ካዝና ውስጥ ገንዘብ አስገብቷል፤ መልካም ነው። ግን ባዶ ወንበር የሚያሳይ ካሜራ ልጅ አያሳድግም። እኔን ቡና ያደረገኝ የአጎቴ ትከሻ ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ የተሰማኝ ዘፈን ነው።

የኳስ ጠብ ሌላ ጭንቀት ነው፤ ልዝለለው ብል ሐቀኛ አልሆንም። ደርቢው ድንጋይ የተወረወረበት፣ ወንበር የተነቀለበት፣ ክለብ የተቀጣበት ቀን አይቷል። እናቶች በደርቢ ቀን ልጃቸው ማልያውን በቦርሳ ይዞ ሄዶ እዚያ እንዲለብስ ይመክራሉ። በ2010ና በ2011 ዓ.ም. ሊጉ ውስጥ የክልል ፖለቲካ ሲገባ ግን አንድ ነገር ታየ። አንዳንድ ቡድኖች እርስ በርስ በየሜዳቸው መጫወት አቅቷቸው ወደ ገለልተኛ ከተማ ሲሄዱ፣ ያ ጠብ ከኳስ በላይ የሆነ ጠብ ነበር። የጊዮርጊስና የቡና ጠብ ግን የቱንም ያህል ቢከር ኳስ ላይ ነው የሚቆመው። ሲያልቅ የሚመለሱበት ቤት አንድ ነውና። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በዚህ አገር ሰው በሰላም የሚቃወምበት፣ አጥብቆ የሚጣላበትና እሑድ ምሳ ላይ አብሮ የሚበላበት ስንት ጉዳይ ቀርቶናል? ስለዚህ ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ሲታይ በጣም ነው የምናደደው፤ የእኛም ቢሆን፣ በተለይ የእኛ ከሆነ።

አሁን ወደ እሑድ። የ2016ንም የ2017ንም ዋንጫ የወሰደ ከሁለታችን የለም፤ 2016ን ንግድ ባንክ፣ 2017ን መድን ወስደዋል። ሁለታችንም ተርበናል፤ የራበው ጊዮርጊስ ከጠገበው ጊዮርጊስ ይልቅ ያስፈራኛል። የምፈራቸውን ላስቀምጥ። የማዕዘን ምት እፈራለሁ፤ በአየር ላይ ኳስ ከድሮም አይሆንልንም፣ እነሱ ደግሞ ግዙፍ ተከላካዮቻቸውን ይልካሉ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እፈራለሁ፤ በዚያ ሰዓት ላይ ልጆቻችን እግራቸው ይከብዳል፤ ሁለት ጊዜ ያበላሸ አማካይ ሦስተኛውን ኳስ ለመቀበል ይደበቃል። ሜዳውን እፈራለሁ፤ ሣሩ ካልተስተካከለ አጭር ቅብብላችን ይሰበራል፣ ረዥም ኳስ የሚጫወት ቡድን ግን አይጎዳም። ዳኛውንም እፈራለሁ፤ ይህንን የጊዮርጊስ ደጋፊም በተመሳሳይ ቃል እየተናገረው ነው፤ እንግዲህ ዳኛው ትክክል ነው ማለት ነው።

ተስፋዬ ደግሞ ከታችኛው ቡድን ባደገው ልጅ አማካይ ላይ ነው። ኳስ ሲደርሰው ከመቀበሉ በፊት ትከሻውን ዞር አድርጎ ኋላውን ያያል፤ ይህን ማድረግ በአገራችን ሜዳዎች ብዙ አይታይም። አሠልጣኙ በእሱ ዕድሜ ላለ ልጅ ደርቢ ይከብደዋል ብሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል የሚል ወሬ አለ። የቴሌግራም ግሩፓችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ልምድ ያለው ይግባ ይላል፤ ግማሹ ልጁ ከመጀመሪያው ደቂቃ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ፍርሃትን ገና ያልተማረ ተጫዋች ነው ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገው፤ ሌሎቻችን በቂ ፍርሃት ይዘናል።

ዓርብ ማታ ወንድሜ ደወለ። ስለ እማዬ የኤሌክትሪክ ካርድ ነበር የደወለው፤ አልቋል፣ ማን ይሙላላት? ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልንና እሱ ቀደመ።

«ስንት ትላለህ?»

«2 ለ 1፤ ቡና። መጀመሪያ እናንተ ታገባላችሁ፤ ልጁ ከእረፍት በኋላ አንድ ያቀብላል፣ ሌላው በቅጣት ምት።»

«1 ለ 0፤ ጊዮርጊስ። በማዕዘን ምት።»

የማዕዘን ምት ማለቱ አናደደኝ፤ የምፈራውን ያውቀዋል። ካርዱን የሚሞላው ተሸናፊው እንዲሆን ተስማማን። እኩል ከወጣን ለሁለት።